ፈረስ፣ ውሻ፣ ሬንዲር ወይስ ስኩተር? በስዊድን በረዶ ላይ ለምትጓዙ

ገና ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ስማ፣ እማዬ ልትመጣ ነው። ያ ፈረስ የሚጎትተው የበረዶ ጋሪ የት ነው የሚገኘው? ወይስ በውሾቹ ይሻላል?» ስዊድን ስኖር አሥራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዤ ያልተሳፈርኩበት የበረዶ መጓጓዣ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ገንዘቤን ውኃ ያስበላሁበት ጊዜ አለ። ጣቶቼ የማን እንደሆኑ የጠፋኝ ቀንም አለ። እናንተ እንዳትደግሙት የማውቀውን ልጻፍ።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም። ከእናታችሁ፣ ከትንንሽ ልጆች ወይም ጉልበቱን ከሚያመው ሰው ጋር ከሆናችሁ ፈረስ ያዙ። ጤነኛ ጎልማሶች ሆናችሁ ራሳችሁ መንዳት ካማራችሁ ውሻ። ጸጥታ የሚወድ፣ ስለ አገሬው ኑሮ መስማት የሚፈልግ እንግዳ ካላችሁ ሬንዲር፣ የሰሜኑ አጋዘን። ሩቅ ቦታ ለመድረስ ስኩተር፣ የበረዶ ሞተር ብስክሌቱ። ሰፈር ውስጥ ዳቦ ለመግዛት ደግሞ ስፓርክ። ስፓርክ ምንድን ነው ላላችሁ፣ ታች እመለስበታለሁ።

መንገድ የሚከፍት ክረምት

እኛ ክረምት ስንል መንገድ የሚዘጋበት ወቅት ነው። ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው የጭነት መኪና ይይዛል፣ ገበያተኛው ቤቱ ይውላል። ሰሜን ስዊድን ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ባቡርና አስፋልት ሳይመጣ በፊት ከባድ ዕቃ የሚንቀሳቀሰው በብርዱ ወራት ነው። በበጋ ሰው የሚሰምጥበት ረግረግ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በጀልባ የሚታለፈው ሐይቅ አውራ ጎዳና ይሆናል። ግንዱም ከሰሉም ማዕድኑም በረዶ እስኪወርድ ይጠብቅ ነበር።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠር፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈው፣ ሐይቅ ላይ የተጋገረው፣ ሁሉም በረዶ ነው። ለመጓጓዣ ምርጫ ግን ልዩነቱ ዋና ነገር ነው። እዚህ «በረዶ» ስል ለስላሳውን፣ «ግግር» ስል ደግሞ እንደ መስተዋት የጠነከረውን ማለቴ ነው። የስዊድን ንጉሥ ካርል 10ኛ ጉስታቭ እ.አ.አ. በ1658 ጦሩን ከነፈረሱ በባሕር ላይ አሻግሮ ዴንማርክን ያስጨነቃት ግግሩን ተማምኖ ነው። ግግሩ ተሰብሮባቸው የሰመጡ ነበሩ፤ ብዙው ጦር ግን ተሻገረ።

ፈረስ፦ ለወሬ የሚመች ጉዞ

ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። የጋሪ ድምፅ እንቅልፍ ላይ ሆኜም እለያለሁ። የኮቴው ቀጭ ቀጭ፣ የጎማው መንገጫገጭ፣ የባለጋሪው «ቼ!»። (ስዊድኖች ቢሾፍቱን ከድሮ ያውቋታል። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን እ.አ.አ. ከ1946 ጀምሮ ለአሥር ዓመት የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው እዚያው ሆኖ ነው። ጋሪያችንን ሳይሳፈር የቀረ አይመስለኝም።)

መሐል ስዊድን ባለው የዳላርና ግዛት መጀመሪያ የበረዶ ጋሪ ላይ ስወጣ የጠበቅኩት ያንኑ ድምፅ ነው። የለም። ጎማ የሚባል ነገር የለውም። ከሥሩ ያሉት ፊታቸው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ብረት የለበሱ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ናቸው። የኮቴውንም ድምፅ በረዶው ይውጠዋል። ከኋላችሁ ሌላ ጋሪ ቢመጣ አትሰሙትም። ብዙ ሰው ፈረሱ አንገት ላይ ያለው ቃጭል ለጌጥ ይመስለዋል። ሥራው የጥሩምባ ነው። በአሜሪካ በርካታ ግዛቶች በአንድ ወቅት ያለ ቃጭል በበረዶ ጋሪ መሄድ በሕግ ያስቀጣ ነበር።

ያን ቀን ባለፈረሷ ከመነሳታችን በፊት ሁለት ነገር አደረገች። መጀመሪያ የፈረሱን እግር አንድ በአንድ አነሳች። ከብረት ጫማው ሥር ጥቁር ላስቲክ ተደርጎበታል። ላስቲኩ ባይኖር በረዶው ኮቴው ውስጥ እየተጠቀጠቀ ድቡልቡል ይሠራል፤ ፈረሱ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገ ይመስል ይንገዳገዳል። ብረቱ ላይ ደግሞ ግግር የሚቧጥጡ ብሎኖች ተጠምደዋል። ቀጥላ ወደ ጋሪው መጣችና በዳሌዋ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ቀጭ አለ። ቆሞ የዋለ ጋሪ ከበረዶው ጋር ይጣበቃል። ፈረሱ በድንገት ቢጎትተው ደረቱን ይጎዳል፣ እናንተም ወደ ኋላ ትወድቃላችሁ። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያደርግ ሰው ካገኛችሁ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። ሳትጨነቁ ተሳፈሩ።

ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ የሰሜን ስዊድን ዝርያ ናቸው። አጠር ያሉ፣ ደንዳና፣ ጸጉራቸው ድብ የሚያስመስላቸው። ትውልድ ሙሉ ከጫካ ግንድ ሲጎትቱ ስለኖሩ አይደነግጡም። በእርምጃ ይጀምራሉ፣ ሜዳው ሲገኝ ወደ ሶምሶማ ይገባሉ። ግልቢያ አትጠብቁ።

ፈረስን የማስቀድምበት ምክንያት ቀላል ነው። አራት አምስት ሰው ጎን ለጎንና ፊት ለፊት ተቀምጦ ያወራል። ከላይ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከሥር አጎዛ አለ። እናት መሐል ትቀመጣለች፣ ልጅ ጭን ላይ ይሆናል። በውሻ ወይም በስኩተር እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዋጋውም ብዙ ቦታ ለጋሪው በሙሉ ስለሆነ ቤተሰብ ሲካፈለው ይቀላል። የውሻው ዋጋ በነፍስ ወከፍ ነው፤ ለአምስት ሰው ሲባዛ ሆድ ይቆርጣል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ፈረስ ጥልቅ በረዶ ውስጥ አይሆንም። ስድስት መቶ ኪሎ ገደማ በአራት ኮቴ ላይ ነው ያለው፤ ይሰምጣል። ስለዚህ የሚሄደው ተደልድሎ በተጠቀጠቀ መንገድ፣ በእርሻ ዳርና በጫካ መሐል ነው። ተራራና ምድረ በዳ ማየት ለሚፈልግ ሰው ያሳጥርበታል። ሌላው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ቢለብስ ይበርደዋል። አርባ አምስት ደቂቃ ልክ ነው። ሁለት ሰዓት የሚባል ካያችሁ መሐል ላይ እሳትና ትኩስ ነገር መኖሩን ጠይቁ።

ስቶክሆልም ዙሪያ ስትይዙ ተጠንቀቁ። በረዶው አይታመንም። አንድ ጊዜ እንግዶቼን ይዤ ስደርስ ዝናብ ጥሎ ሁሉም ቀልጧል። ያው ፈረስ ባለ ጎማ ጋሪ ተጠምዶ ጠበቀን። አክስቴ ሳቀች፦ «ለዚህማ ደብረ ዘይት አለን አይደል?» ገንዘቡ አልተመለሰም። ውሉ ላይ «በረዶ ከሌለ በጎማ» የሚል መስመር ነበረ፤ አላነበብኩትም። ዳላርና፣ ሴለን፣ ኦረ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ስትወጡ ዕድላችሁ የተሻለ ነው።

ከመሳፈራችሁ በፊት ደግሞ እንስሳውን እዩት። የአገራችን ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ማሰሪያው በሚያርፍበት ትከሻና ጀርባ ላይ ገጣባ አለ? ሲቆም ላቡ እንዳይበርድበት ብርድ ልብስ ይደረግለታል? ገጣባ ካያችሁ አትሳፈሩ። ምክንያታችሁንም ንገሩ።

ውሻ፦ መንዳት ለሚፈልግ

ውሻ የሚጎትተውን ለማየት ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪሩና አካባቢ መሄድ ይሻላል። ከስቶክሆልም በሌሊት ባቡር 15 ሰዓት ገደማ ነው።

ልትነሱ ስትሉ የሚሰማውን ጩኸት የሚገልጽ ቃል የለኝም። ሠላሳ አርባ ውሻ በአንድ ጊዜ ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ማሰሪያውን ይነክሳል። እንጎትት ነው የሚሉት። እናቴ «ተራቡ እንዴ?» አለች። ከዚያ ነጂው መልህቁን ከበረዶው ሲነቅል ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። የሚሰማው ትንፋሽና የበረዶው ሽው ሽው ብቻ ነው። ያቺ ቅጽበት ለብቻዋ ገንዘቡን ታወጣለች።

ውሾቹ በፊልም እንደምናያቸው ግዙፎች አይደሉም። ብዙዎቹ 20 እና 25 ኪሎ መሐል ናቸው፣ ቀጫጭንና ረጃጅም እግር ያላቸው። ቅለታቸው ነው ጉልበታቸው። ፈረስ የሚሰምጥበት ላይ እነሱ ያልፋሉ። እ.አ.አ. በ1925 አላስካ ውስጥ ኖም ከተማ ዲፍቴሪያ ሲገባ መድኃኒቱን ያደረሱት ውሾች ናቸው። 20 ነጂዎች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ገደማውን በአምስት ቀን ተኩል ጨረሱት። ፈረስ ቢሆን የመጀመሪያውን ሸለቆ አያልፍም ነበር።

ሁለት ዓይነት አለ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ለዩት። አንደኛው ተሳፋሪ መሆን ነው። ነጂው ከኋላ ይቆማል፣ እናንተ እግራችሁን ዘርግታችሁ ዝቅ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ሁለተኛው ራሳችሁ መንዳት ነው። አራት ወይም ስድስት ውሻ ይሰጧችኋል፣ እግራችሁ ሥር ብረት ጥርስ ያለው ፍሬን አለ። ሕጉ አንድ ነው፦ እጀታውን አትልቀቁ። ብትወድቁም ተጎተቱ እንጂ አትልቀቁ። ከለቀቃችሁ ውሾቹ ለእናንተ ብለው አይቆሙም። ዳገት ላይ ወርዳችሁ ትገፋላችሁ። ላብ ያወጣል። ለጎልማሳ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም።

ለእናት ግን አይሆንም። ይህን የምለው ከስህተቴ ተምሬ ነው። የዛሬ አራት ዓመት እናቴን በተሳፋሪነት አስቀመጥኳት። ቦታው ከበረዶው አንድ ክንድ አይርቅም። የውሾቹ እግር የሚበትነው በረዶ ፊቷ ላይ ይረጫል። ጎርበጥ ባለ ቁጥር ወገቧን ይመታታል። ውሾች ደግሞ እየሮጡ ነው የሚጸዳዱት፤ ሽታው በቀጥታ ወደ ተቀማጩ ይመጣል። ድርጅቱ የሰጣት ቱታ በሁለት ቁጥር ይበልጣታል፣ ብርዱ በአንገቷ ይገባል። «ሁለት ሰዓት» የተባለው ልብስ መቀየሩንና ሻዩን ጨምሮ ነበር። የሮጥነው አርባ ደቂቃ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዝም አለች። እናቴ ዝም ካለች ነገር አለ። ስንወርድ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «ውሾቹ ጎበዞች ናቸው።»

ስለዚህ ስትይዙ «ስንት ሰዓት» ብላችሁ አትጠይቁ። «ስንት ኪሎ ሜትር» በሉ። መልሱ ቶሎ ካልመጣ ሌላ ፈልጉ።

ሬንዲር፦ የማይቸኩል

ሬንዲር የሰሜን አጋዘን ብትሉት ያስኬዳል። ባለቤቶቹ ሳሚዎች ናቸው፤ የአገሩ የጥንት ሕዝብ። በስዊድን ሬንዲር የማርባት መብት በመሠረቱ የእነሱ ነው። ስለዚህ ይህን ስትመርጡ የምትገዙት ጉዞውን ብቻ አይደለም፣ እንግድነቱንም ጭምር ነው።

ጉዞው ራሱ አጭርና ዝግ ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ሬንዲሩን አንድ ሰው በገመድ ይመራዋል፣ እናንተ አጎዛ የተነጠፈበት ዝቅ ያለ መንሸራተቻ ላይ ትቀመጣላችሁ። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ነው። ጆሯችሁን ጣል ካደረጋችሁ እግሩ በተራመደ ቁጥር ጠቅ ጠቅ ሲል ትሰማላችሁ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው ጅማት ነው። ዓይኑንም ተመልከቱት። በበጋ ወርቃማ የሆነው የዓይኑ ውስጠኛ ክፍል በጨለማው ወራት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ ትንሹን ብርሃን እንዲሰበስብለት ነው።

ልጆች ይወዱታል። ሽማግሌም ይመቸዋል። ፍጥነት የለመደ የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ግን በአምስተኛው ደቂቃ ስልኩን ያወጣል። እሱን ከውሾቹ ጋር ላኩት።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «ስንት ሬንዲር አለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለህ እንደማለት ነው። ከብት አርቢ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን አሁኑኑ ይረዳል፤ የእኛም አገር አርቢ ከብቱ ሲቆጠርበት ደስ አይለውም።

እንግድነቱ የሚጀምረው ድንኳኑ ውስጥ፣ እሳቱ ዳር ነው። ቡና ይፈላል። አይብ ቆርጠው ስኒው ውስጥ ይጨምሩበታል። አትደንግጡ። ቡና በጨው ወይም በቅቤ ከጠጣ ሕዝብ የመጣን ነን፤ በዚህ የምንፈርድበት ምክንያት የለም። አይቡ ሲሞቅ አይቀልጥም፣ ይለሰልሳል፣ በማንኪያ ይበላል። እኔ ወድጄዋለሁ።

እዚያ ተቀምጣችሁ ቀለል ያለ ታሪክ ብቻ አትጠብቁ። እ.አ.አ. ከ1635 ጀምሮ ናሳፌል ከሚባለው ተራራ ብር ሲወጣ ማዕድኑን በሬንዲር እንዲያመላልሱ የተገደዱት ሳሚዎች ነበሩ። በጭካኔ ነው የተሠራባቸው። ባለቤቱ ማውራት ከፈለገ አዳምጡ፤ ካልፈለገ አታስገድዱት።

ከቻላችሁ ጉዟችሁን ከሰሜኗ ከተማ ከዮክሞክ ገበያ ጋር አገጣጥሙት። በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሐሙስ ይጀምራል። እ.አ.አ. ከ1605 ጀምሮ ያለ ገበያ ነው። ሬንዲር ሲሽቀዳደም የሚታየው እዚያ ነው፤ ያ ቀስ ብሎ የሚራመደው እንስሳ ሲፈልግ ምን እንደሚሆን ታያላችሁ። ማደሪያ ግን ወራት ቀድማችሁ ያዙ።

ስኩተር

ስዊድኖች የበረዶ ሞተር ብስክሌቱን ስኩተር ይሉታል። ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። በአንድ ቀን ብዙ አገር ያሳያችኋል። ለሰሜኑ ሰው ደግሞ የሥራ መሣሪያ ነው፤ ሳሚዎቹም ዛሬ መንጋቸውን የሚከተሉት በሱ ነው። ካናዳዊው ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ለበረዶ የሚሆን ተሽከርካሪ ለመሥራት የታገለ ሰው ነው። እ.አ.አ. በ1934 መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ትንሽ ልጁን ሐኪም ቤት ማድረስ አልቻለም፣ ልጁም ሞተ። ዛሬ ለመዝናኛ የሚነዳው ቀላሉ ዓይነት ከሱ ፋብሪካ የወጣው እ.አ.አ. በ1959 ነው።

በስዊድን ራሳችሁ ለመንዳት ለስኩተር የሚሰጥ የመንጃ ማረጋገጫ ይጠየቃል። የመኪና መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ይበቃል ብላችሁ አትሂዱ። ለእንግዳችሁ ምን እንደሚያስፈልገው ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁ። የተፈቀደው ፍጥነት ቢበዛ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው። የምትሄዱበት መንገድ ቀይ ኤክስ በተሰቀለባቸው ምሰሶዎች ይመራል። ከምሰሶዎቹ አትውጡ፤ ተራራ ላይ የበረዶ ናዳ አለ። ድምፁና የቤንዚኑ ሽታ አብሯችሁ ነው የሚውለው። ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን ሰሜናዊ ብርሃን በጸጥታ ለማየት የሚሄድ ሰው በስኩተር ሲሄድ ይገርመኛል።

ስፓርክ፦ ማንም የማይነግራችሁ

ቱሪስት የማይጠይቀው፣ አሮጊቶች የሚወዱት ነው። ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ብረቶች፣ ፊት ለፊት አንዲት ወንበር፣ ከኋላ እጀታ። በአንድ እግር ብረቱ ላይ ትቆማላችሁ፣ በሌላው መሬቱን ትገፋላችሁ። ወንበሩ ላይ ዘንቢል ወይም የልጅ ልጅ ይቀመጣል። ሰሜን ውስጥ ሱፐርማርኬት በር ላይ ተደርድሮ ታዩታላችሁ፣ እኛ አገር ብስክሌት እንደሚቆመው። ስምንት መቶ ሜትር ርቀት ያለውን ሱቅ አንዲት የሰባ አምስት ዓመት ጎረቤቴ በሱ ስትሄድ በእግሬ ልደርስባት አልቻልኩም።

የሚሠራው መንገዱ በተጠቀጠቀ በረዶ ወይም በግግር ሲሸፈን ብቻ ነው። ስቶክሆልም ውስጥ ጠጠር ስለሚበተን ብረቱ ይይዛል፣ ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ግን ማረፊያ ቤቶች ብዙ ጊዜ በነፃ ያውሳሉ። ሐይቅ ላይ ልትሄዱ ካሰባችሁ ለአንድ ሰው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ ግግር ያስፈልጋል። ከአንገት የሚንጠለጠሉትን ሁለት ባለ ሹል እጀታዎች ሳትይዙ አትውጡ፤ ብትሰጥሙ ግግሩን ቧጥጣችሁ የምትወጡት በነሱ ነው። የአገሬው ሰው ያልሄደበት ቦታ ላይ የመጀመሪያ አትሁኑ።

ብርዱን ከፍጥነቱ ጋር አስሉት

ሰዎች የአየር ትንበያውን አይተው ይለብሳሉ። የሚቀዘቅዘው ፊት ግን የሚሰማው ፍጥነቱንም ጨምሮ ነው። ነፋስ የሌለበት፣ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሆነ ቀን እንውሰድ። ሬንዲር በእርምጃ ሲሄድ ፊታችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 19 ገደማ ነው። ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ 21 ወይም 22። ውሾች በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ 24። ስኩተር በ60 ሲሄድ 30 ሊሞላ ምንም አይቀረው። በውሻና በስኩተር ላይ ነጂው ይንቀሳቀሳል፣ ተሳፋሪው ግን እንደ ዕቃ ተቀምጧል። የሚበርደው ሁልጊዜ ተሳፋሪው ነው። ለእናታችሁ ስትመርጡ ይቺን ስሌት አትርሱ።

ልብስ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሜ አያለሁ። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ከሥር ጥጥ ይለብሳል። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ከያዘ አይለቅም፣ ከዚያ ያቀዘቅዛል። ገላ የሚነካው ሱፍ ይሁን። ጋቢስ? ጋቢ ጥጥ ቢሆንም በፈረስ ጋሪ ላይ ከአጎዛው ሥር ጉልበት ላይ ሲጣል ግሩም ነው፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። ውሻና ስኩተር ላይ ግን አይሆንም፣ ይያዛል። ጫማ በአንድ ቁጥር ይብለጥ፤ የጠበበ ጫማ ደም ያግዳል። የብረት ጉትቻ ቤት ይቅር። ስልክ በውስጥ ኪስ ይሁን፣ ውጭ ከተያዘ ባትሪው ቶሎ ይሞታል። ፔርሙዝ ሻይ ያዙ፣ ዝንጅብል ጨምሩበት።

መቼ? ብዙ ሰው የሚመጣው ለፈረንጅ ገና ነው። በዲሴምበር ኪሩና ላይ ለሦስት ሳምንት ገደማ ፀሐይ አትወጣም። ድንግዝግዙ ሰማያዊ ነው፣ ያምራል፤ ለእናት ግን ይከብዳታል። «መቼ ነው የሚነጋው?» ስትል ቀኑ ያልቃል። በእኔ ምርጫ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጨረሻ ያለውን የሚያህል የለም። ፀሐይ አለ፣ በረዶው ጠንካራ ነው፣ ብርዱም ይለዝባል። ውሾቹም ፈረሶቹም እስከዚያ ሥራቸው ውስጥ በደንብ ገብተዋል።

ዘንድሮ እህቴ ለገናችን ከሁለት ልጆቿ ጋር ትመጣለች። ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አምስት። ያላቸው ስድስት ቀን ነው። ትልቁ ከወዲሁ የውሾች ቪዲዮ እየላከልኝ ነው። አስቤ አስቤ ዳላርና ላይ ፈረስ ያዝኩ። እዚያ ወዳለችው ሙራ ከስቶክሆልም ባቡሩ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለኪሩና ግን ሁለት ሌሊት ባቡር ላይ ያልቃል፣ ከስድስት ቀን ላይ ብዙ ነው። ስደውል መጀመሪያ የጠየቅኩት በረዶ ከሌለ ምን እንደሚሆን ነው። ወደ ሌላ ቀን እናዛውራለን ወይም እንመልሳለን አሉኝ፣ በጽሑፍ አስላክኳቸው። ለልጁ ደግሞ ማረፊያው ስፓርክ እንዳለው አረጋገጥኩ። ትንሿን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እንዲገፋት ነው። እሷ ውሻ ትሆናለች ወይስ እሱ፣ እዚያው ይስማሙ።